ጣሳ፣ ቀርቀሃ ወይስ ፔርሙዝ? ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ዕቃ በእርሳስ ለመሣል የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

በእርሳስ መሣል የጀመረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛውን እርሳስ ልግዛ ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። አንድ ጣሳ ወረቀት ላይ ክብ ሆኖ መታየቱን ወይም ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረቱን በመጀመሪያ የሚወስነው ለመሣል የተቀመጠው ዕቃ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ከዚያም ጥቁረቱ በምን መንገድ እንደሚደረደር ይታሰባል፤ እርሳሱ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ይህ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ሲሆን የሚያነጻጽረው በጎጃም ቤቶችና ገበያዎች በቀላሉ የሚገኙ ዕቃዎችን ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ያለ ተማሪ በውጭ አገር የሥዕል መማሪያዎች ላይ የሚታየውን ነጭ የጄሶ ሲሊንደር ፍለጋ መንከራተት አያስፈልገውም።

ሲሊንደር ለመማሪያ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የሣጥን እያንዳንዱ ገጽ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት የጥቁረት ደረጃ ስላለው ብርሃን ቀስ በቀስ ወደ ጥላ የሚለወጥበትን መንገድ አያስተምርም፤ የኳስ ገጽ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር ጥላው ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በቆመ ሲሊንደር ላይ ግን ለውጡ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ በሚወርድ በማንኛውም መስመር ላይ ጥቁረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው። ስለዚህ ጀማሪው የሚያጠናው ሁለት ነገር ብቻ ይሆናል፤ አንደኛው በአፉና በመቀመጫው ያለው ሞላላ፣ ሁለተኛው በጎኑ ላይ ያለው የጥላ ሽግግር ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ምርጫዎች የሚመዘኑት እነዚህን ሁለት ነገሮች ምን ያህል ገልጠው ያሳያሉ በሚለው ነው።

ዕቃውን መምረጥ

ባዶ የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ በቅርጹ ተወዳዳሪ የለውም። ከአፉ እስከ መቀመጫው ስፋቱ አይለወጥም፤ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ድክመቱ ገጹ ነው። የተለጠፈበት ወረቀት በጽሑፍና በቀለም የተሞላ ስለሆነ ዓይን የጥላውን ሽግግር ትቶ ፊደሉን ይከተላል። ወረቀቱ ሲነሣ ደግሞ ከሥሩ የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ብረት በክፍሉ ውስጥ ያለውን መስኮትና ግድግዳ ሁሉ ስለሚያንጸባርቅ፣ ደማቅ ነጭ ሰንበር ከጥቁር ሰንበር ጋር በመካከላቸው ምንም ሽግግር ሳይኖር ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። ጀማሪው ያየውን አንድም ሳያጓድል ቢገለብጥ እንኳ ሥዕሉ ክብነትን አያሳይም።

መፍትሔው ጣሳውን በነጭ ወረቀት አጥብቆ ጠቅልሎ መገጣጠሚያውን ከኋላ በኩል ማጣበቅ ነው። በዚህ መንገድ የተሸፈነ ጣሳ ከጄሶው ሲሊንደር አያንስም፤ አንድ ቀለም አለው፣ አያብረቀርቅም፣ የጥላው ደረጃም በግልጽ ይነበባል። እርግጥ በወረቀት የተጠቀለለ ጣሳ የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ለመለማመጃ ብቻ የሚያገለግል ነው። ይሁን እንጂ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ገፎ ያንኑ ጣሳ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ብርሃን፣ እንደገና መሣል ይቻላል፤ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ከቅርጹ የመጣው ጥላ የትኛው እንደ ሆነና ከብረቱ የመጣው ነጸብራቅ የትኛው እንደ ሆነ ያለ ማብራሪያ ይለያል። በብዙ ጣሳዎች ጎን ላይ የሚዞሩት ወጣ ገባ ቀለበቶችም ለዚህ ሁለተኛ ልምምድ ይጠቅማሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት የሞላላ ክፋይ ሆኖ ስለሚታይ ከዓይን ወደ ታች በራቀ መጠን ይበልጥ እየጎበጠ መሄዱን ያሳያል።

ከጣሳው ጋር የሚፎካከረው የቀርቀሃ ቁራጭ ነው፤ እኔም ምርጫው ለእኔ ቢተው የማስቀድመው እርሱን ነው። በአዊ፣ በተለይም በእንጅባራ ዙሪያ፣ የደጋ ቀርቀሃ ለአጥር፣ ለቤትና ለቤት ዕቃ በስፋት ስለሚውል ከዕቃ ሠሪዎች ዘንድ የተረፈ ቁራጭ ማግኘት አይከብድም። በደንብ የደረቀ ቀርቀሃ ፈዛዛ ቢጫ ቀለም ያለው ሲሆን ማብረቅረቁ ለስላሳና የተገደበ ነው፤ ስለዚህ ደማቁን ቦታ ያሳያል እንጂ ክፍሉን በሙሉ አያንጸባርቅም። በላዩ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጭረቶች ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ በመሆናቸው የእርሳሱን መስመር አቅጣጫ ራሳቸው ያመለክታሉ። አንጓዎቹ ደግሞ እንደ ጣሳው ቀለበቶች የሞላላውን ኩርባ በየመሐሉ ያሳያሉ። ፍጹም ሲሊንደር አይደለም፤ ወደ ጫፉ ትንሽ እየቀጠነ ይሄዳል፣ አንጓው ላይም ያብጣል። ዕቃው ያለ ማሸፈኛ፣ እንዳለ ሆኖ ስለሚሣል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውጤቱ እውነተኛ ነገር ይመስላል፤ ይህ ለተማሪው ወኔ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም።

ቀርቀሃው አንጓ በሌለበት በኩል ተቆርጦ አፉ ክፍት ሆኖ ሲቆም ሌላ ትምህርትም ይሰጣል። የክፍት ሲሊንደር ውስጠኛ ግድግዳ ጥላው ከውጭው ተቃራኒ ነው፤ ብርሃን ከግራ ቢመጣ በውጭ በኩል የሚበራው ግራው ሲሆን በውስጥ በኩል የሚበራው ቀኙ ነው፤ የግራው ውስጠኛ ክፍል ይጨልማል። ብዙ ጀማሪዎች አፉን በሙሉ አንድ ወጥ ጥቁር አድርገው ይሞሉትና ዕቃው ክፍት መሆኑ ቀርቶ ክዳን የተገጠመለት ይመስላል። የቀርቀሃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ አፉ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሞላላዎች ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ ሰፊ፣ በፊትና በኋላ ግን ጠባብ መሆን አለበት። ቀጭኑ ጣሳ ይህን አያሳይም።

ፔርሙዝ በየቤቱ ስለሚገኝ የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ግን አይመከርም። አበባ የታተመበት ከሆነ የጣሳው ወረቀት ችግር ይመለሳል፤ ብረት ከሆነ የነጸብራቁ ችግር አለ፤ በዚህ ላይ ትከሻው፣ ክዳኑና መያዣው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ ስላላቸው ተማሪው ሲሊንደሩን ሳያጠና ጊዜው በዝርዝሩ ያልቃል። የሻይ ብርጭቆ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ትምህርት ነው፤ ብርሃን አልፎት ስለሚሄድ ጥቁረቱን የሚወስነው የራሱ ክብነት ሳይሆን ከጀርባው ያለው ነገር ነው፣ ጠረጴዛ ላይ በሚጥለው ጥላ መካከልም ደማቅ ቦታ ይታያል። ስኒ፣ ብርሌ፣ ሙቀጫና ከበሮ ሲሊንደር ቢመስሉም አይደሉም፤ ከበሮ አንዱ አፉ ከሌላው ይሰፋል፣ ስኒም ወደ መቀመጫው ይጠባል። እነዚህን ለኋላ ማቆየት ይሻላል።

ብርሃኑን መምረጥ

ከአውሮፓ የመጡ የሥዕል መማሪያዎች ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት አጠገብ መቀመጥን ይመክራሉ። ምክሩ ለአገራቸው ትክክል ነው፤ በዚያ ፀሐይ ቀትር ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትውል በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ለረጅም ሰዓት ሳይለዋወጥ ይቆያል። ጎጃም ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 እና በ12 ዲግሪ መካከል ግድም የሚገኝ አገር ነው። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ ግድም ቀትር ላይ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ቀትር ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በሰኔ ጭራሹን ከመውጫዋ እስከ መጥለቂያዋ ድረስ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትውላለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት እዚህ የሚያገለግለው በበጋው፣ ማለትም ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ተመራጩ የደቡብ መስኮት ነው። በክረምቱ ደመናው ራሱ ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ልዩነቱ ይጠባል፤ ግንቦት ላይ ግን ሰማዩ በሚጠራባቸው ቀናት መስኮት ማዛወሩ የሚያስገኘው ጥቅም ወዲያው ይታያል።

ደጅ ተቀምጦ መሣል የሚፈልግ ሰው ከሰዓቱ ጋር መታገል አለበት። ፀሐይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሥዕል ሲጀመርና ሲያልቅ የጥላው አቅጣጫ በእጅጉ ይለያያል። ወደ ቀትር ሲቃረብ ደግሞ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ አፉ ብቻ በርቶ ጎኑ በሙሉ አንድ ወጥ ደብዛዛ ይሆናል። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ወይም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ያም ሆኖ የወደቀውን ጥላ ዳርቻ ሲጀምሩ በቀጭኑ ነድፎ ማስቀረትና ፀሐይ ብትንቀሳቀስም በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ አምፖል አይንቀሳቀስም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ግን የቀትርን ፀሐይ ጉድለት ሁሉ ይይዛል፤ የጠረጴዛ መብራት ወይም ከፍ ባለ ነገር ላይ የተደገፈ የስልክ ባትሪ ይሻላል። እዚህ ላይ ርቀቱን ማሰብ ይገባል። ከትንሽ መብራት የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ፣ መብራቱ ለዕቃው በጣም ከቀረበ የዕቃው አንድ ክፍል ከሌላው ይበልጥ ይበራል፤ ያኔ ጥቁረቱ ከላይ ወደ ታችም መለወጥ ይጀምርና ሲሊንደርን ለመማር ቀላል ያደረገው ጠባዩ ይጠፋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ማራቅ ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት የሻማ ወይም የኩራዝ ብርሃን ለዓይን ደስ የሚል ጥላ ይሰጣል፤ ነበልባሉ ስለሚንቀጠቀጥ ግን የጥላውን ዳርቻ ለማጥናት አይመችም።

የትኛውም ቢመረጥ ብርሃኑ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሌላ መስኮት ካለ መጋረጃው ይጋረድ። አቅጣጫውን በተመለከተ ከሠዓሊው ጀርባ ቀጥታ የሚመጣ ብርሃን ዕቃውን ጠፍጣፋ ያስመስለዋል፤ ከጎን ብቻ የሚመጣ ብርሃን እኩል በእኩል ይከፍለዋል። ከሁለቱ መካከል፣ ማለትም ከፊት ለፊት 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ከፍ ብሎ የሚመጣው የጥላውን ደረጃዎች በሙሉ ያሳያል። ከዕቃው ሥር ነጭ ጋቢ ወይም ነጭ ወረቀት ቢነጠፍ በጥላው በኩል የሚመለሰው ብርሃን ይጎላል፤ ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢሆን ይጠፋል። ለጀማሪ ነጩ ይሻላል።

ሞላላውን መንደፍ

ጥላው ምንም ያህል ቢያምር የተበላሸ ሞላላ አያድነውም። ስሕተቶቹ በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ጎኖች ሹል ይሆናሉ፣ የመቀመጫው መስመር ቀጥ ብሎ ይሰመራል፣ ወይም አፉና መቀመጫው እኩል የጎበጡ ይሆናሉ። ዕቃው ከዓይን በታች ሲቀመጥ መቀመጫው ከአፉ ይልቅ ከዓይን ስለሚርቅ የመቀመጫው ሞላላ ከአፉ ይበልጥ ክፍት መሆን አለበት። ዕቃው በትክክል ዓይን ደረጃ ላይ ቢሆን አፉ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል፤ 30 ዲግሪ ቁልቁል ሲታይ የሞላላው ቁመት የስፋቱን ግማሽ ያህላል፤ 20 ዲግሪ ግድም ሲሆን ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ አፉ በግልጽ ይታያል፣ ጎኑም ለጥላ የሚሆን በቂ ቦታ ያገኛል።

ለመንደፍ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ክንድን ከትከሻ እያንቀሳቀሱ፣ እርሳሱን ሳያነሡ፣ በቀጭኑ ደጋግሞ ማዞርና ከተደራረቡት መስመሮች ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ አራት ማዕዘን ነድፎ፣ መካከለኛ መስመሮቹን አስምሮ፣ ሞላላውን በአራቱ መንኪያ ነጥቦች ላይ ማሳለፍ ነው። ሦስተኛው ሁለት መርፌ ተክሎ በክር ማዞር ነው። የክሩ መንገድ ፍጹም ሞላላ ይሰጣል፤ ነገር ግን በትንሽ ወረቀት ላይ ለመጠቀም ያስቸግራል፣ እጅንም አያሠለጥንም። አራት ማዕዘኑ አስተማማኝ ሲሆን ሞላላው ሹል እንዳይሆን ያደርጋል። ምርጫው እንደ ዓላማው ይለያያል፤ ለመለማመድ የመጀመሪያው፣ ሊቀመጥ ወይም ሊሰጥ ለታሰበ ሥዕል ሁለተኛው። በሁለቱም ጊዜ ወረቀቱን ገልብጦ ማየት አጉል ያዘነበለውን ሞላላ ያጋልጣል።

በስልክ ካሜራ ከተነሣ ፎቶ መሣልም አንድ አማራጭ ነው፤ ዕቃው አይነካም፣ ብርሃኑም አይለወጥም። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ግን አፉንና መቀመጫውን ከልክ በላይ ያጎብጣል፣ በጥላው ውስጥ ያሉትንም ረቂቅ ደረጃዎች ያጨልማቸዋል። አንድ ሜትር ያህል ርቆ በተቀመጠ ዕቃ ፊት ቁጭ ማለትን የሚተካ አይደለም።

አጠቋቆሩን መምረጥ

ጥላውን ከመጀመር በፊት ብርሃን በክብ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀንስ ማወቅ ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣል። ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በማያብረቀርቅ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚቀንሰው ገጹ ከብርሃኑ በዞረበት ማዕዘን ልክ ነው፤ አቀናነሱ ግን እኩል አይደለም። ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበትን ቦታ 100 ብንለው፣ ከዚያ 30 ዲግሪ የዞረው 87፣ 60 ዲግሪ የዞረው 50፣ 90 ዲግሪ የዞረው ዜሮ ይሆናል። የመጀመሪያው 30 ዲግሪ 13 ብቻ ሲቀንስ የመጨረሻው 30 ዲግሪ 50 ይቀንሳል ማለት ነው።

ይህን ወደ ወረቀት እናውርደው። የተሣለው ዕቃ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውና ብርሃኑ ከግራ በኩል 45 ዲግሪ ቢመጣ፣ ከሁሉ የሚበራው መስመር የሚወድቀው ከግራው ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። የግራው ጠርዝ ራሱ ከዚያ መስመር ትንሽ ይጠቁራል፤ 71 ያህል ነው። እስከ 3.7 ሴንቲ ሜትር ድረስ ለውጡ ብዙም አይታይም፤ ግማሹ ብርሃን የሚገኘው 6.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ጥላው ሙሉ በሙሉ የሚጀምረው 8.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ቀኙ ጠርዝ ያለው ጠባብ ክፍል ከነጩ ጋቢ በሚመለሰው ብርሃን መልሶ በትንሹ ይነጣል። ጀማሪዎች ከነጭ ወደ ጥቁር በእኩል ደረጃ ሲሄዱና ቀኙን ጠርዝ ከሁሉ ሲያጠቁሩት ሥዕሉ የተጠማዘዘ ሳይሆን የዘመመ ሰሌዳ ይመስላል። እርማቱ ሁለት ነው፤ ብርሃን ያለበትን ክፍል በሰፊው መተው፣ ጥቁሩን ደግሞ ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ማምጣት።

ጥቁረቱን ለመደርደር ከሚያገለግሉት ዘዴዎች መካከል ለሲሊንደር የምመርጠው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮችን መደራረብ ነው። ምክንያቱም ከላይ እንደ ተባለው በቋሚ መስመር ላይ ጥቁረቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጫና ይሰመራል፣ ደረጃውም በመስመሮቹ ብዛት ይወሰናል። ዕቃውን እየዞሩ የሚሄዱ ጎባጣ መስመሮች ክብነቱን ወዲያው ቢያሳዩም እያንዳንዳቸው የሞላላውን ኩርባ በትክክል መከተል አለባቸው፤ አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ጎኑ ያበጠ ወይም የተጨረመተ ይመስላል። እነርሱን ለለመደ እጅ መተው ይሻላል። መስመርን በመስመር ላይ ማጠላለፍ ደግሞ ጨለማውን ክፍል ለማጠንከር ይረዳል፤ ብርሃኑ ባለበት ግን ገጹን ሻካራ ያደርገዋል።

በጣት ማሻሸትን ግን በግልጽ እቃወማለሁ። ፈጣን ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይወደዋል፤ የጣት ወዝ ወረቀቱን ያበላሸዋል፣ በኋላም ላጲስ አይነሣለትም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደማቁን ቦታ ሳይታወቅ አመዳም ያደርገዋል። ማለስለስ ካስፈለገ መስመሮቹ በቦታቸው ከተደረደሩ በኋላ በጥጥ ወይም በጠበቀ ተጠቅልሎ ጫፉ በሾለ ወረቀት፣ በጥላው ክፍል ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች መዳሰስ ይቻላል። ደማቁ መስመር ወረቀቱ ራሱ ሆኖ ከመጀመሪያው ቢተው ይመረጣል፤ በላጲስ የወጣ ነጭ ያንን ጥራት አያገኝም።

እርሳስና ወረቀት

የእርሳስ ደረጃዎች ከ9ኤች እስከ 9ቢ ይደርሳሉ፤ ኤች የሚባሉት ጠንካራና ፈዛዛ፣ ቢ የሚባሉት ለስላሳና ጥቁር ሲሆኑ ኤችቢ በመካከል ይገኛል። ልዩነቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1795 የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር አደባልቆ በእሳት የመተኮስን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል።

በየጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው የሚገኘው ኤችቢ ብቻ ከሆነ በእርሱ መጀመር ይቻላል፤ ንድፉንና ፈዛዛውን ክፍል በሚገባ ይሠራል። ጥልቁን ጥላ ግን አያወጣም፤ ተጭነው ቢያጠቁሩትም ወረቀቱ ይሰረጉዳል፣ ግራፋይቱም ያብለጨልጫል። አንድ ብቻ ይጨመር ከተባለ 4ቢ ይጨመር። አንድ ብቻ ይገዛ ከተባለ ግን 2ቢ ሁለቱንም በመጠኑ ያሟላል። አሥራ ሁለት እርሳስ የያዘ ሣጥን መግዛት አያስፈልግም፤ ተማሪው ጫናውን በእጁ ከመቆጣጠር ይልቅ እርሳስ መቀያየርን ይለምዳል። ጫፉን በመቅረጫ ከማሾል በምላጭ ረዘም አድርጎ መቅረጽ ለጎን ማጥቆር ይመቻል።

ወረቀትን በተመለከተ የተሰመረ ደብተር አይሆንም። 80 ግራም የማተሚያ ወረቀት ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ለሞላላ ልምምድ በቂ ነው፤ ከሦስትና ከአራት ድርብ ጥላ በኋላ ግን ገጹ ስለሚልም ለተሟላ ሥዕል ከ120 ግራም በላይ የሆነ፣ መጠነኛ ሻካራነት ያለው ይመረጣል። በክረምት ወረቀቱ እርጥበት ስለሚስብ በፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው

የወደቀውን ጥላ መሣል ወይም መተው እንደ ምርጫ ሊቆጠር ይችላል። በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ገዳማት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው ዕቃና ሰው ያለ ወደቀ ጥላ ሙሉ ሆነው መታየታቸውን ያውቃል፤ ያ የራሱ ሥርዓትና ዓላማ ያለው ጥበብ ነው። በአንድ መስኮት ብርሃን የታየን ጣሳ እንሣል ካልን ግን የወደቀው ጥላ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ስለሆነ ሊቀር አይገባም። ዕቃው ጠረጴዛውን በሚነካበት ቦታ ከሁሉ ይጠቁር፣ ዳርቻውም ሹል ይሁን፤ እየራቀ ሲሄድ ይፍዘዝ፣ ዳርቻውም ይላላ። በአምፖል ወይም በፀሐይ ከሆነ ዳርቻው እስከ ጫፉ ድረስ ጠንካራ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

የቆመውን ዕቃ በሚገባ የሣለ ሰው ወደ ተጋደመው መሻገር አለበት፤ ለዚህም የጎጃም ባህላዊ ቀፎ ከጣሳና ከቀርቀሃ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ከቀርቀሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ፣ ረጅም፣ ገጹ ሻካራ የሆነ ሲሊንደር ነው። ሻካራነቱ በጥላው ሽግግር ላይ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ጉድለቶችን ይሸሽጋል፤ ርዝመቱ ደግሞ የራቀው ጫፍ ከቀረበው አንሶ የሚታይበትን የርቀት ሕግ ያጎላል። የሚመረጠው ገና ያልተሰቀለ ባዶ ቀፎ ነው፤ ንብ ከገባበት ቀፎ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ተቀምጦ መሣል ለማንም አይመከርም። በሚነደፍበት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሐል ለመሐል የሚያልፈው መስመር አስቀድሞ ይሰመር፤ የአፉ ሞላላ ረጅሙ ዘንግ ይህን መስመር በ90 ዲግሪ ሊያቋርጠው ይገባል፣ ቀፎው ወዴትም ቢያዘነብል። የጥላው መስመሮችም አብረው ይጋደማሉ፤ ከላይ ወደ ታች የነበሩት አሁን ከቀፎው አፍ ወደ ጀርባው ይሄዳሉ፣ ከሁሉ የሚጠቁረውም ከሆዱ ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።